ባለ አንድ ክሬዲቱ ላቦራቶሪ

የትምህርት ክፍል ምርጫ በደረሰ ቁጥር የሩቅም የቅርብም ዘመድ ልጆች ይደውሉልኛል፤ ጥያቄያቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ኤሌክትሪካል ከባድ ነው ይባላል፤ ሒሳቡ እንዴት ነው?» መልሴ ብዙዎቹን አያረካም። ሒሳቡ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከአገሪቱ ትልልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተምሬ ከወጣሁና ጥቂት ዓመታት በሙያው ከሠራሁ በኋላ የደረስኩበት፣ ተማሪውን መሐንዲስ የሚያደርገው ሒሳቡ ሳይሆን፣ በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ አንድ ክሬዲት ብቻ ተሰጥቶት በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚካሄደው የላቦራቶሪ ሰዓት መሆኑን ነው። ተማሪው ግን ዓይኑን የሚጥለው ባለ አራት ክሬዲቱ ኮርስ ላይ ነው፤ በውጤት ለሚኖር ሰው ይህ የሚያስወቅስ አይደለም።

አስቀድሞ ስለ ብዛት መናገር ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የምሕንድስና ኮሌጁ በ1945 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት፣ ከአሥር ዓመት በኋላም በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ሲቋቋም፣ ምሕንድስና የጥቂቶች ትምህርት ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ከበዙና ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ የሚያዘው ፖሊሲ ከተተገበረ ወዲህ ግን የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች በተማሪ ተጥለቀለቁ። እኔ ይህን ፖሊሲ ከሚያጣጥሉት ወገን አይደለሁም፤ አብረውኝ ከተማሩት ልጆች መካከል መብራት ባልገባበት ቀበሌ አድገው የኃይል ማስተላለፊያ መስመር መሐንዲስ የሆኑ አሉ፤ በድሮው ጥበት ቢሆን ኖሮ ወደ በሩም አይደርሱም ነበር። ችግሩ አዳራሽና የላብ ጠረጴዛ እኩል የማይለጠጡ መሆናቸው ነው። ሰሌዳና ፕሮጀክተር ያለው አዳራሽ ሁለት መቶ ተማሪ ይይዛል፤ አንድ ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን ውዝዋዜ በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) የተቀመጠበት ጠረጴዛ ግን ከሦስት ወይም ከአራት ሰው በላይ ሲከበብ አንዱ ሽቦ ይሰካል፣ አንዱ ቁጥር ይጽፋል፣ የቀሩት ቆመው ያያሉ። ተማሪ ሲበዛ መጀመሪያ የሚጎዳው ስሌቱ ሳይሆን እጅ የሚሠራበት ክፍል ነው።

የሒሳቡን ነገር ቶሎ ልለፈው። አፕላይድ ማትስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ የሚሄደው ተከታታይ ኮርስ በእርግጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሆኖም በሁለተኛው ዓመት የኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ ኮረንት) ሰርኪዩት ሲጀመር አብዛኛው ልፋት ዋጋውን ይከፍላል። በጊዜ የሚወዛወዘውን ቮልቴጅ በኮምፕሌክስ ቁጥር ወክሎ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽኑን ወደ ተራ አልጀብራ የሚያወርደው የፌዘር ዘዴ፣ ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የሠራው ቻርልስ ስታይንሜትስ እ.ኤ.አ. በ1893 ለመሐንዲሶች ያቀረበው ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ድካም ያላየ ሰው ዘዴው ምን ያህል ሸክም እንዳቀለለ አይረዳም። ኤሌክትሮማግኔቲክ ፊልድስ የሚባለውን ኮርስ በተመለከተ ደግሞ ሲኒየሮች በዶርም የሚያወሩት ወሬ ከኮርሱ ይከብዳል። ካልኩለሱን በደንብ ይዞ የመጣና ወርክሺቱን ለብቻው የሠራ ተማሪ ያልፈዋል፤ የፈተና ዋዜማ ሾርት ኖት ላይ የሚንጠለጠለው ግን ይቸገራል። ይህ ለማንኛውም ትምህርት የሚባል ነው።

አሁን ወደ ላቡ ልምጣ። ማሽን ላብ የምንለው ክፍል ውስጥ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰሩ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ዘንግ የተያያዙ ማሽኖች ነበሩ፤ አንደኛው የዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኮረንት) ሞተር ሲሆን ሌላው በእርሱ የሚሽከረከር ሲንክሮነስ ጀነሬተር ነው። ክፍሉን የሚያስተዳድሩት የላብ ቴክኒሽያን ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ዕድሜያቸው ለጡረታ የተቃረበ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ከጋውናቸው ኪስ የማይጠፋ ሰው ነበሩ፤ እኛም መምህራኑም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ወደ ጠረጴዛው ስንጠጋ ሁልጊዜ የሚናገሩት አንድ ነገር ነበር፦ «ልጆች፣ በአንድ እጅ! ግራ እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ።» ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁለት እጅ በሁለት የተለያዩ ነጥቦች ላይ ካረፈ ኮረንቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚያልፈው በደረት፣ ማለትም በልብ በኩል ነው። ይህ ማሳሰቢያ በየትኛውም የክፍል ማስታወሻዬ ላይ አልነበረም።

በዚያ ክፍል ከተሠሩት ሙከራዎች ሁሉ ሊዘለል የማይገባው ጀነሬተሩን ከአገሪቱ የኃይል መረብ ጋር ማገናኘት ነው። አራት ነገሮች መግጠም አለባቸው፦ ቮልቴጁ፣ ፍሪኩዌንሲው (በሴኮንድ የሚወዛወዝበት ብዛት)፣ የሦስቱ ፌዞች (ኃይሉን የሚያመጡት መስመሮች) ቅደም ተከተል፣ በዚያች ቅጽበት የሚገኙበት ማዕዘን፣ ማለትም የውዝዋዜያቸው ደረጃም ጭምር። ስሌቱን በክፍል ውስጥ ተምረናል፤ ጋሼ ግን መለኪያውን ትተው ገና ባልተዘጋው፣ ማለትም ጀነሬተሩንና መረቡን ገና ባላገናኘው ማብሪያ ማጥፊያ ሁለት ጫፎች መካከል በየፌዙ አምፖል አሰሩ። በየመስመሩ አንድ ሳይሆን ሁለት አምፖል በተከታታይ ያሰሩበትን ምክንያት ጠየቁን፤ መልስ የሰጠ አልነበረም። በመረቡና በጀነሬተሩ መካከል ያለው ማዕዘን ፍጹም ተቃራኒ በሚሆንበት ቅጽበት በማብሪያው ጫፎች መካከል የሚገኘው ልዩነት የአንዱ ፌዝ እጥፍ፣ ማለትም 440 ቮልት ያህል ስለሚሆን፣ ለ220 ቮልት የተሠራ አምፖል ብቻውን አይችለውም።

ከዚያ ሞተሩ ተነሣ። ማሽኑ አራት ፖል (የማግኔት ጫፍ) ያለው ስለሆነ 50 ኸርዝ ለመስጠት በደቂቃ 1,500 ዙር መዞር አለበት። በ1,485 ዙር ሲሽከረከር ፍሪኩዌንሲው 49.5 ኸርዝ ነው፤ የግማሽ ኸርዝ ልዩነቱም በዓይን ይታያል፤ አምፖሎቹ በየሁለት ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ቦግ ብለው ይጠፋሉ። መጀመሪያ ሦስቱ ተራ በተራ ነበር የሚበሩት፤ ጋሼ ማሽኑን አስቁመው ከጀነሬተሩ ከሚወጡት ሽቦዎች ሁለቱን አቀያየሩ፤ ቀጥሎ ሲነሣ ሦስቱም አብረው በሩ፣ አብረው ጠፉ። የፌዝ ቅደም ተከተል የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ የቀስት አቅጣጫ ብቻ ሆኖብኝ ነበር፤ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትርጉም አገኘ። ከዚያ በኋላ የሞተሩን ፊልድ ሪዮስታት (ፍጥነቱን የሚያስተካክለውን ተለዋዋጭ ሬዚስተር) በጥቂቱ እያዞርን ብልጭታውን አዘገየነው፤ አምፖሎቹ በዝግታ ደብዝዘው ሙሉ በሙሉ ሲጠፉ፣ ማለትም በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት ሳይኖር፣ ማብሪያው ተዘጋ። ምንም ድምፅ አልተሰማም፤ ጥሩ ሥራ ማለት ይኼው ነው። በተሳሳተ ቅጽበት ቢዘጋ ኖሮ በማሽኑ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንት ዘንጉን እስከማጣመም የሚደርስ ጉልበት ይፈጥራል።

ደንበኛው ትምህርት የመጣው ግን ከተገናኘ በኋላ ነው። ሞተሩ የበለጠ እንዲገፋ ሲደረግ የጀነሬተሩ ፍጥነት አልጨመረም፤ ፍጥነቱን የያዘው መላው የአገሪቱ መረብ ነውና የጨመረው ወደ መረቡ የሚልከው ኃይል ነበር። በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚሽከረከሩት 13 ተርባይኖች፣ በአጠቃላይ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት፣ እያንዳንዳቸው ወደ መረቡ የሚገቡት እነዚያኑ አራት ሁኔታዎች አሟልተው ነው፤ እዚያ አምፖል የሚጠብቅ ሰው የለም፣ ሥራውን አውቶማቲክ መሣሪያ ይሠራዋል እንጂ ሕጉ አልተለወጠም። በነገራችን ላይ መብራት በሌለበት ዕለት ይህ ሙከራ አይሠራም፤ የሚገናኙት መረብ ከሌለ የዩኒቨርሲቲው ጀነሬተር ቢነሣም ፋይዳ የለውም። በእንዲህ ያለ ዕለት ጋሼ ማሽኑን ገልጠው ጥቅልሉን ያሳዩን ነበር።

የላቡን ዋጋ የሚያጠፋው የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም፤ የሪፖርቱ ነገርም አለበት። ሪፖርት የሚታረመው ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ባለው መቀራረብ እንደሆነ ተማሪው ቶሎ ይገባዋል፤ ስለዚህ ከባለፈው ዓመት ተማሪዎች የተወረሰውን ሪፖርት ቁጥሩን በጥቂቱ ለውጦ ያስገባል፤ ከመጽሐፉ ጋር ልክ የሆነ ውጤት ያገኘ ቡድንም ሙሉ ነጥብ ይዞ ይወጣል። ይህ ልማድ የሚያጠፋው ትምህርት ብዙ ነው። ሁለት አንድ አንድ ሜጋ ኦም ሬዚስተሮችን በተከታታይ አስሮ 10 ቮልት የሰጠ ተማሪ በመካከላቸው 5 ቮልት ይጠብቃል፤ የተለመደው ዲጂታል መልቲሜትር ግን 4.76 ቮልት ያሳየዋል። ሬዚስተሩ አልተበላሸም፤ መለኪያው ራሱ ባለው 10 ሜጋ ኦም ውስጣዊ ሬዚስታንስ የሰርኪዩቱ አካል ስለሆነ ነው። «5» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥቡን ያገኛል፤ «4.76» ብሎ ጽፎ ምክንያቱን ያሰላሰለ ግን መለካት ማለት መንካት እንደሆነ ያውቃል፤ ሙያውም ከዚህ ይጀምራል። መምህር ብሆን ኖሮ ሙሉ ነጥቡን ከመጽሐፉ የራቀ ቁጥር አምጥቶ ርቀቱን ላስረዳ ተማሪ እሰጥ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ላብ ቢያጣም ቤት ግን ላብ አያጣም። ለዕረፍት ቤት ስሄድ እናቴ በኤሌክትሪክ ምጣዱ የጋገረችው እንጀራ ዓይን አላወጣም ብላ ሊጡን ትወቅስ ነበር። ምጣዱ 3,500 ዋት የሚል ነው፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሬዚስታንሱም 14 ኦም ገደማ ነው። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር መልቲሜትሩን ሶኬቱ ላይ ብሰካው 180 ቮልት አነበብኩ። ቮልቴጁ የቀነሰው በአምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ኃይሉ ግን የሚቀንሰው በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሆነ ምጣዱ ወደ 2,340 ዋት፣ ማለትም ወደ ሁለት ሦስተኛው ወርዷል። ሊጡ ምንም አልበደለም። እናቴ መጋገሪያዋን ወደ ከሰዓት በኋላ አዛወረች፤ እኔም ስለ ሎድ ከርቭ (የኃይል ፍላጎት በቀኑ ሰዓታት የሚወጣበትንና የሚወርድበትን የሚያሳይ መስመር) የተማርኩትን ከሰፈሬ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። የምጣዱ ሶኬት የሚቀልጠውም፣ ገመዱ የሚሞቀውም በዚሁ 16 አምፔር ምክንያት ነው፤ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ መሰካት የብዙ ቤት ቃጠሎ መነሻ እንደሆነ ለዘመድ መንገር ከተማሪው የሚጠበቅ ትንሹ አገልግሎት ነው።

ስለ ስትሪም፣ ማለትም በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ስላለው ንዑስ የሙያ ዘርፍ ምርጫም ጥያቄ ይበዛል። ትምህርቱ ወደ ማጠናቀቂያው ሲቃረብ ተማሪው ፓወር፣ ኮሙኒኬሽን፣ ኮንትሮል፣ ኤሌክትሮኒክስ ወይም ኮምፒውተር ከሚባሉት አንዱን ይይዛል፤ የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ዓመት በሚናፈሰው የሥራ ወሬ ነው። ቴሌ ይቀጥራል ሲባል ሁሉም ወደ ኮሙኒኬሽን ይጎርፋል፤ ሶፍትዌር ይከፍላል ሲባል ሁሉም ኮምፒውተር ይላል። ወሬው በሚወጣበትና ተማሪው በሚመረቅበት ጊዜ መካከል ያለው ርቀት ግን ወሬውን ለማስረጀት በቂ ነው። እኔ ፓወርን የመረጥኩት በማሽን ላቡ ምክንያት ነው፤ በዚያን ጊዜ «ምሰሶ ልትወጣ ነው?» እየተባለ የሚቀለድበት ስትሪም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው በ25 ኪሎ ቮልት የሚሠራው የባቡር መስመር ሥራ ጀመረ፤ ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የ500 ኪሎ ቮልት ዲሲ መስመርም ተዘረጋ። ይህ ሁለተኛው መስመር ዲሲ የሆነበት ምክንያት ርቀቱ ብቻ አይደለም፤ በዲሲ የተገናኙ ሁለት መረቦች ፍሪኩዌንሲና ማዕዘን መግጠም ስለማይገባቸው በአንዱ አገር የሚፈጠረው መናጋት ወደ ሌላው በቀጥታ አይሻገርም። በማሽን ላብ አምፖል ሲጠፋ ጠብቆ ለነበረ ተማሪ ይህ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላም የመኪና ቻርጀር የሚያስገቡ ሕንፃዎች ብዛት ለፓወር ሰው ሌላ ሥራ ከፍቷል።

ለአንድ ሴሚስተር የሚደረገው ኢንተርንሺፕ ሁለተኛው ላብ ሊሆን ይችላል፤ ሻይ ከማፍላትና ፋይል ከማደራጀት ካለፈ ማለቴ ነው። ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የስሚንቶ ወይም የቢራ ፋብሪካ የሚመደብ ተማሪ ከዕድለኞች ወገን ነው፤ በፋብሪካ ውስጥ ሞተር ሲቃጠል የጥገና ሠራተኛው መጀመሪያ የሚያየውን፣ መጀመሪያ የሚያሸተውን ነገር የሚያስተምር ኮርስ የለም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ግን ያሳዝነኛል። አብዛኛው በማትላብ (በኮምፒውተር የስሌት ፕሮግራም) ሲሙሌሽን ተጀምሮ በማትላብ ሲሙሌሽን ያልቃል። በሲሙሌሽን ውስጥ የላላ ብሎን የለም፣ ዝገት የለም፣ ቮልቴጁም ሁልጊዜ 220 ነው። መርካቶ ወርዶ ከተሰበረ ሬዲዮ የተነቀለ ትራንስፎርመር የገዛ፣ በመበየጃ ጣቱን ያቃጠለና ግማሹ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ይዞ ለፈታኞቹ የቀረበ ተማሪ፣ በደመቀ ግራፍ ከሚመጣው የበለጠ ውጤት ይገባው ነበር፤ ሲሆን ያየሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂ ሁሉ የሚቀመጥበት የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ በምርጫ የሚመለስና 50 በመቶ ማለፊያ ያለው ፈተና ነው። በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ውጤት የሚያመሳክር አንድ ሚዛን መኖሩን እደግፋለሁ። ፈተናው ግን በባሕርይው የሚለካው በወረቀት የሚለካውን ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ሰዓቱን ከላብ ቀንሶ ለጥያቄ ስብስብ ቢሰጥ አይደንቅም።

ዛሬ የምሠራው የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዲዛይን በሚያዘጋጅ አነስተኛ ቢሮ ውስጥ ነው፤ አዲስ ተመራቂ ስንቀጥርም በጽሑፍ ፈተና ብቻ አንቆርጥም። ግድግዳ ላይ ትንሽ የሦስት ፌዝ ሰሌዳ አለን፤ በየፌዙ የ100፣ የ60 እና የ40 ዋት አምፖል ታስሮበታል፤ የኒውትራሉን (የሦስቱ ፌዞች የጋራ መመለሻ ሽቦ) ብሎን ሆን ብለን እናላላዋለን። ሰሌዳው ሲበራ የ100 ዋቱ አምፖል ደብዝዞ የ40 ዋቱ ከመጠን በላይ ይደምቃል፤ በስሌት የመጀመሪያው ወደ 166፣ የኋለኛው ወደ 267 ቮልት ይደርሰዋል። በአንድ ግቢ የአንዱ ቤት ቴሌቪዥን ሲቃጠል የጎረቤቱ መብራት የሚደበዝዘው ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። ከፍተኛ ውጤት ይዘው የመጡ አመልካቾች ፌዝ ከፌዝ ለክተው 380 ቮልት ሲያነብቡ «ኃይሉ ደህና ነው» ብለው አምፖሉን ይቀይራሉ። ጥቂቶቹ ግን መልቲሜትሩን ከማንሳታቸው በፊት ብሬከሩን አውርደው የኒውትራል መያዣውን በካቻቢቴ ይፈትሻሉ፤ የት እንደተማሩ ስንጠይቃቸው የሚጠሩት ኮርስ ሳይሆን አንድ የላብ ቴክኒሽያን ወይም የኢንተርንሺፕ አለቃ ነው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ የሰሌዳውን ፈተና ከጠዋቱ አድርገን የጽሑፉን ወደ ከሰዓት በኋላ አዛውረነዋል።